ከማዶ የተለካ ሙሉ ልብስ

ለተከበሩ፣ የቀድሞውን መሪ የውጭ ግንኙነት ሥራ እንደገና ለሚመዝነው ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የኮሚቴው ወንበሮችም እንደምን ከረማችሁ? እኛ የወንዙ ዳር ሰዎች ውኃው ከሚጮኽብን በቀር ደህና ነን። ለጉልበትዎ ብርታትን፣ ለዓይንዎ ብርሃንን እመኛለሁ፤ አጥብቄ የምመኘው ግን የአንገትዎን ጤና ነው፤ ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ ፊትዎን ወደ ኋላ አዙረው ስለሚሠሩ፣ እንዲህ ተጠምዝዞ የከረመ አንገት በራሱ ጊዜ ወደ ፊት እንደማይመለስ ጎረቤታችን ወጌሻዋ ነግራናለች። "ይምጡና ላሽላቸው፤ ዋጋ አልጠይቅም፤ ትንሽ ብቻ ይጮኻሉ" ብላለች።

የምጽፍልዎት እኔ፣ ከድልድዩ አጠገብ ያለችው ልብስ ሰፊ ሁለተኛ ልጅ ነኝ። ሰው ፊት መናገር አልችልም። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ከስፌት መኪናው ጀርባ ተቀምጬ የወደቀ ቁልፍ የምለቅም እመስላለሁ፤ እናቴም "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የኔዋ ግን አየርም አታስገባ!" እያለች ትስቅብኛለች። እጄ ግን ሲጽፍ አያፍርም። እንዲያውም ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ወዲህ ብቻዬን እየሳቅሁ ስለምጽፍ፣ እህቴ ሁለት ጊዜ መጥታ ግንባሬን ነክታ ትኩሳት እንደሌለኝ አረጋግጣ ሄዳለች። አጻጻፌ ላይ ስሕተት ቢያገኙ ትምህርት ቤቴ ከድልድዩ ማዶ መሆኑን አስበው ይቅር ይበሉኝ፤ ኮሚቴዎ ድልድዩን ሲዘጋው የቀረው ትምህርቴ ወዲያ ማዶ ቀርቷል፤ ስጮኽለትም አይሰማኝም።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ነገሩን የማያውቅ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል በአጭሩ ላስረዳ። ወንዙ ድንበር ነው፤ ወዲህ እኛ፣ ወዲያ እነሱ። አባቴ በወጣትነቱ በወዲህኛው ዳር ምሽግ ቆፍሮ ወደ ማዶ ይተኩስ ነበር፤ የእህቴ እጮኛ አባትም በወዲያኛው ዳር ምሽግ ቆፍሮ ወደዚህ ይተኩስ ነበር፤ ሁለቱም ተኩሰው ሁለቱም ስለሳቱ እነሆ እህቴ እጮኛ አላት። ያን ጦርነት ያስቆሙት የቀድሞው መሪያችን ናቸው። ያገኙትን ሰው ሁሉ እጅ ስለሚጨብጡ ሰፈራችን "ጨባጩ" ብሎ ይጠራቸዋል። ከጎረቤት አገር መሪ ጋር ምሳ በሉ፣ ተጨባበጡ፣ ተዋዋሉ፣ ድልድዩም ተከፈተ። እኔ የተወለድኩት ድልድዩ ክፍት ሳለ ስለሆነ ወንዙ ድንበር መሆኑን ያወቅሁት ሲዘጋ ነው። ጨባጩ ከሥልጣን ወረዱ፣ አዲሶቹ ወጡ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ኮሚቴውም "የቀድሞው መሪ ውል ተመዝኖ እስኪያልቅ ድረስ ሰው በድልድዩ እንዳይተላለፍ" ሲል አዘዘ። ይህ የሆነው የእህቴ የሠርግ ቀን በተቆረጠበት፣ የሙሽራዋ ቀሚስ በመኪናው ላይ ግማሹ በተሰፋበት ሰሞን ነው።

ቅሬታ የሚለው ቃል ለኔ አፍ ይከብዳል። ስለዚህ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። በሬዲዮ ስለተነበበልን የመጀመሪያ ግኝትዎ አመሰግናለሁ። መላው ቤተሰብ የስፌት መኪናውን አቁመን ነው ያዳመጥነው። ጨባጩ ከጎረቤቱ መሪ ጋር ሲጨባበጡ እጃቸውን "ከሚገባው በላይ ማቆየታቸውን"፣ ፈገግታቸው ከእንግዳው ፈገግታ "በግልጽ የሰፋ" እንደነበር፣ በምሳው ላይም ሁለተኛ ሳህን "ከማንም ጋር ሳይመክሩ" መቀበላቸውን፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በፎቶግራፉ ላይ ከእንግዳው አጠገብ አጥረው መታየታቸውንና በዚህም አገርን ማሳነሳቸውን ሰማን። ይህን ሁሉ ከአንድ ፎቶግራፍ ማውጣትዎ አስደንቆኛል። እኔ የእናትና የአባቴን የሠርግ ፎቶ ዕድሜዬን ሙሉ እያየሁት ያገኘሁት ነገር ቢኖር አባቴ ዓይኑን መጨፈኑን ብቻ ነው።

ግኝትዎም ፍሬ አፍርቷል። በሰፈራችን ዛሬ ሰው ሰላም የሚባባለው በጥንቃቄ ነው። ዳቦ ሻጩ የአባቴን እጅ ይጨብጥና እንደ ጋለ ብረት ወዲያው እየለቀቀ "ኧረ እንዳልመረመር" ይላል፤ አባቴም "ፈገግታህንም ሰብስብ እንጂ፣ ከኔ ሰፍቷል" ይለዋል። ወጌሻዋ ምሳ ተጋብዛ ሁለተኛ ሳህን ሲቀርብላት "ምክር ቤቱ ምን አለ?" ብላ እናቴን ጠይቃ፣ ምክር ቤቱ ብይ ስላላት በላች።

ሁለተኛ። ሥራ ስላስያዙኝ አመሰግናለሁ። ድልድዩ ሲዘጋ ወዲህና ወዲያ ያለው ዘመድ በጩኸት መነጋገር ጀመረ፤ ነገር ግን ወንዙ የማንንም ድምፅ አላሳልፍ አለ። አባቴ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው፤ የወፍጮውን ጩኸት አሸንፎ "ቀጣይ!" የሚል ድምፁ ውኃው መሐል ሲደርስ ሰጠመ። የእህቴም እዚያው ዳር ወደቀ። አንድ ቀን ግን እኔ ልብስ ላጥብ ወርጄ ጣቴን ድንጋይ ሲመታኝ "እናቴን!" ብዬ ብጮኽ ከማዶ "ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?" የሚል ቀጭን ድምፅ መለሰልኝ። የምትጮኸው የእህቴ እጮኛ አክስት ነበረች። ወፍራም ድምፅ ውኃ ውስጥ ይቀራል፤ ቀጭን ድምፅ ግን እንደ መርፌ በመሐሉ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ይህን ያወቅነው በኔ ጣት ነው።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ስሜ "ውጭ ጉዳይ" ሆነ። "ውጭ ጉዳይን ጥሩልኝ፣ ማዶ ላለችው እህቴ አራስ ልጅ ስም አውጥተው እንደሆነ ትጠይቅልኝ።" "ውጭ ጉዳይ ምሳ ላይ ናት፣ ቆዩ።" የሚገርመው፣ ሰው ፊት አንገቴን የምደፋው እኔ መሐላችን ወንዝ ሲኖር አላፍርም፤ ፊታቸው አይታየኝም፣ ፊቴም አይታያቸውም። እንዲህ ያለ ደስታ እንዳለ አላውቅም ነበር። አንዳንዴ መልእክት ሳይኖረኝ ወርጄ "እንዴት ዋላችሁ!" ብዬ ጮኼ ተመልሻለሁ።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ሁለቱ አባቶች ስለ ሠርጉ እንዲመክሩ ወንዝ ዳር በወጡ ጊዜ አባቴ ክንዴን ይዞ "ንገሪው፤ ያኔ ደህና አድርጎ ቢያነጣጥር ኖሮ ዛሬ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ በይው" አለኝ። እኔም እጆቼን አፌ ላይ አድርጌ "አባቴ ጤናዎ እንዴት ነው ይላል!" ብዬ ጮኽኩ። ከማዶ ሽማግሌው ዱላቸውን አነሡ፣ መሬቱን ደበደቡ፣ ወደ አባቴ ጠቆሙ፣ ደረታቸውን መቱ፣ እንደገና መሬቱን ደበደቡ። ከዚያም የአክስቲቱ ድምፅ መጣ፦ "እግዜር ይመስገን ይላሉ! ልጃችሁን እንደ ልጃቸው ያዩዋታል!" አባቴ "ታዲያ ዱላውን ምን አስወዘወዘው?" አለኝ። "ደስ ብሏቸው ነው" አልኩት። ያን ጊዜ ነው እሷም እንደኔ መሆኗ የገባኝ። ፊቷ ባይታየኝም እሷም ማዶ ቆማ እየሳቀች እንደነበር እምላለሁ።

ኮሚቴዎ በሬዲዮው ጨባጩን "የወገናቸውን ቁጣ በሙላት ሳያስተላልፉ ቀርተዋል" ብሎ ወቅሷቸዋል። ይህ ወንጀል ከሆነ እኔና አክስቲቱም እጃችንን እንሰጣለን። በየእለቱ ስንቱን ቁጣ ወንዙ ውስጥ እንደጣልነው ቢያውቁ፣ ዓሣዎቹ እስካሁን አለመጣላታቸው ይገርምዎታል። የምለምንዎት፣ የምታሥሩን ከሠርጉ በኋላ እንዲሆን ብቻ ነው።

ሦስተኛ። ስለ እናቴ ዓይን አመሰግናለሁ። እናቴ "ዓይኔ ሜትሬ ነው" የምትል ሴት ናት። መንገድ ላይ የሚያልፍን ሰው አይታ ወገቡን፣ ትከሻውን፣ የሱሪውን ቁመት ትናገራለች፤ ስትሳሳትም አላየሁም። የሙሽራውን ሙሉ ልብስ የምትሰፋው እሷ ስለነበረች፣ ድልድዩ ሲዘጋ "ምን ችግር አለ? ዳር ይቁምልኝ" አለች። እኔ ጮኽኩ፣ ሙሽራው መጣ። ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ እጁን እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ዘርግቶ ቆመ። "ዙር በይው!" ዞረ። "ሆዱን አይሳብ በይው፣ በሠርጉ ቀን ሆዱን ይዞ መዋል አይችልም!" ሆዱን ለቀቀ። ርቀቱ ግን ሰውን ሁሉ ትንሽ ስለሚያደርገው እናቴ ማነጻጸሪያ ፈለገች። አክስቲቱ አጠገቡ ቆማ ነበር። ድልድዩ ክፍት ሳለ እናቴ ለአክስቲቱ ቀሚስ ሰፍታላት ስለነበር ቁመቷን ታውቀዋለች፤ አጭር ሴት ናት። ሙሽራው ከአክስቲቱ በጥቂት ብቻ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሙሽራውም አጭር ነው። "ድሮ ረዥም ይመስለኝ ነበር" አለች እናቴ፣ "ሰው ሲታጭ ያጥራል መሰለኝ።"

ልብሱ ተሰፋ። ትእዛዝዎ የሚከለክለው ሰውን እንጂ ዕቃን ስላልሆነ፣ የሁለቱ ወገን ዘበኞች ድልድዩ መሐል ተገናኝተው ጥቅል ይቀባበላሉ፤ ልብሱም በዚያ መንገድ ተሻገረ። በማግሥቱ ሙሽራው ለብሶት ዳር ወጣ። የኮቱ እጅጌ ክርኑ ላይ አልቋል። ሱሪው ከጉልበቱ ትንሽ ወረድ ብሎ ቆሟል። ቁልፉ ከቁልፍ ቀዳዳው ጋር በሩቁ ይተያያል። ሙሽራው ግን ጨዋ ስለሆነ እጁን አንሥቶ "በጣም ያምራል በያቸው!" አለ፤ እጁን ሲያነሣ ጀርባው ተተረተረ። እህቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። አባቴ ሳቀ። ማዶ ሽማግሌው ዱላቸውን ጥለው ሳቁ። ድልድዩ ላይ ያሉት ዘበኞች፣ የኛውም የነሱም፣ አጥሩን ተደግፈው ሳቁ። ውኃው ብቻ ነው ያልሳቀው።

ምክንያቱ የታወቀው ኋላ ነው። አክስቲቱ ድምፅዋ እንዲሻገር ሁልጊዜ የምትጮኸው ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጥታ ነው። ከኛ ወገን ሲታይ ግን ቄጠማው ድንጋዩን ይሸፍነዋል። እናቴ ሴትዮዋን አየች እንጂ የቆመችበትን አላየችም። ሲነግሯት የልብስ መስፊያዋን ክዳን ዘጋችና "ዓይኔ አልተሳሳተም፤ ድንጋዩን ያልነገሩኝ እነሱ ናቸው" አለች። አሁን ልብሱ እንደገና ተሰፍቷል፤ አክስቲቱ ሙሽራውን በገመድ ለክታ፣ ትከሻው የሚያልቅበትን፣ ወገቡን፣ እግሩን በቋጠሮ ምልክት አድርጋ በዘበኞቹ እጅ ስለላከችልን። እናቴ ገመዱን መኪናው ላይ ዘርግታ ቋጠሮውን በጣቷ እየዳበሰች "አየሽ፣ ሰው እንዲህ ቀርበው ሲለኩት ሌላ ነው" አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ታሪክ ያመጣሁት ለማሳቅ ብቻ አይደለም። ልብሱ ከተሰፋ በኋላ የጋዜጣውን ፎቶግራፍ፣ ያንኑ ጨባጩ ያጠሩበትን፣ ግድግዳችን ላይ ካለበት አውርጄ ለአባቴ አሳየሁት። "እውነት አጥረው ነው?" አልኩት። አባቴ ፎቶውን አላየውም። "ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ሰው ያጥራል" አለ። "ጉድጓዱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ስቆፍረው ነበርኩ።" ከዚያም ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ። ጨባጩ ያን ምሳ ሲበሉ ከእግራቸው ሥር ምን እንደነበረ፣ ስንት ምሽግ፣ ስንት እንደኔ አባት አንድ ጆሮው የማይሰማ ወጣት እንደነበረ በፎቶው ላይ አይታይም። እርስዎ መሪውን በደንብ ለክተዋል፤ ዓይንዎ ሜትር ነው። ያላዩት ድንጋዩንና ጉድጓዱን ብቻ ነው።

አራተኛ። ይህን ቁጥር እናቴ አንብባ አስወጥታዋለች። "ይህችን ከሠርጉ በኋላ ትጽፊያታለሽ" ብላለች። ባዶውን በትዕግሥት ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ። ጨባጩን ለመመዘን መነሣትዎን ከልብ አመሰግናለሁ፤ እዚህ ላይ አላሾፍም፤ ወይም ትንሽ ብቻ ነው የማሾፈው። ቤታችን ፎቶአቸውን የሰቀለችው እናቴ ናት እንጂ አባቴ አይወዳቸውም። ድልድዩን ሊመርቁ የመጡ ጊዜ በሰልፍ የቆመውን ሰው ሁሉ እየጨበጡ ሲመጡ፣ አባቴ ጋ ሲደርሱ አባቴ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ቀረ ይባላል። "ስንዋጋ አልጠየቁን፣ ስንታረቅም አልጠየቁን፤ እጃችንን የሚያስታውሱት ሊጨብጡት ሲፈልጉ ነው" ይላል እስከ ዛሬ። እሳቸውም ባዶ እጃቸውን ወደሚቀጥለው ሰው አሻገሩ። ኮሚቴዎ የፈገግታቸውን ስፋት ከሚለካ ይህችን ቢለካ ኖሮ አባቴ ራሱ ቀዳሚ ምስክር ሆኖ በመጣ።

እኔም ከውጭ ጉዳይነቴ ጀምሮ የራሴን ምርመራ አድርጌአለሁ፤ ኮሚቴ ባይኖረኝም የስፌት መኪና አለኝ። የደረስኩበት ይህ ነው። ጨባጩ ሰላሙን በእጃቸው ጨበጡት እንጂ በክር አልሰፉትም። ለኛ ሳይነግሩ፣ ለማዶ ሰዎችም ሳይነግሩ፣ ሁለት መሪዎች በአንድ ገበታ ስለጨረሱት፣ ሰላሙ የነሱ የግል ጓደኝነት ሆኖ ቀረ፤ እጃቸው ሲወርድ አብሮ ወረደ። በጊዜያዊ ክር የተያያዘ ልብስ ልክ ነው አይደለም ለማለት ይለበሳል እንጂ ሠርግ አይሄዱበትም፤ እሳቸው ግን ሁላችንንም እሱኑ አልብሰው ሠርግ ሰደዱን። ጥፋታቸው ይህ ነው። ግን ክቡር ሆይ፣ ጊዜያዊ ክር ያየ ልብስ ሰፊ መኪናውን አምጥቶ ደህና አድርጎ ይሰፋበታል እንጂ ክሩን ቀድዶ ጨርቁን ለሁለት አይከፍለውም። እንዲህ የሚያደርግ ልብስ ሰፊ እናቴ ጋ ቢመጣ መቀሱን ተቀብላው መጥረጊያ ትሰጠዋለች።

ስድስተኛና የመጨረሻው። ስለ መጪው ቅዳሜ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው እዚሁ ድረስ መጥቶ፣ ድልድዩ መሐል ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ከሁለቱም ወገን ምስክር እንደሚሰማ፣ ለዚያች ቀንም ምስክር የሆነ ሁሉ እስከ ጠረጴዛው መግባት እንደሚፈቀድለት ማስታወቂያዎ በድልድዩ በር ላይ ተለጥፏል። ውሳኔዎንም እዚያው ከጠረጴዛው ላይ እንደሚሰጡ ይላል። ቀርበው ሊለኩ መምጣትዎ እውነተኛ ሥራ ነው፤ አክስቲቱም በገመዷ ያስተማረችን ይህንኑ ነው።

እናም ሁላችንም ምስክር ሆነን ተመዝግበናል። ከወዲህ እህቴ፣ እናቴ፣ አባቴ፣ ወጌሻዋ፣ ዳቦ ሻጩና ሰፈሩ በሙሉ፤ ከወዲያ ብስክሌት ጠጋኙ፣ አባቱ ከነዱላቸው፣ አክስቲቱና የነሱ ሰፈር በሙሉ። እህቴ ለምስክርነት የምትለብሰው ነጭ ቀሚስ ነው፤ መሬት ስለሚነካ ድልድዩን ቀደም አድርገው ቢያስጠርጉልን ደስ ይለናል። ብስክሌት ጠጋኙ የሚለብሰው እጅጌው እጁ ላይ የሚደርስ ሙሉ ልብስ ነው። ከምስክሮቹ ጥቂቶቹ ከበሮ ይዘው ይመጣሉ። ዳቦ ሻጩ ያመጣው ማስረጃ ከባድና ትኩስ ስለሆነ ጠረጴዛዎን ሰፋ ያለ ያድርጉልን። ሁለተኛ ሳህን ለሚፈልግ የኮሚቴ አባልም ምክር ቤቱ፣ ማለትም እናቴ፣ አስቀድማ ፈቅዳለች።

ይህን አስቀድሜ ስነግርዎት ቤታችን ውስጥ ትልቅ ጠብ ሆኗል። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ አፍ የፈታሽው ምስጢራችንን ልታወጪበት ነው? ቢሰርዙትስ?" ብላ መቀሷን ወርውራለች፤ እህቴም ቀሚሷን ታቅፋ አለቀሰች። እኔ ግን እህቴን እንዲህ አልኳት፤ ፊት ለፊት ስለማልችል በመጋረጃው በኩል ነው ያልኳት። "ጨባጩም እኮ ሰላሙን ሳይነግሩን ነው ያደረጉት፤ ለዚህ ነው የወደቀው። ሠርግሽን ተደብቀን ብናደርገው ነገ የሚመረምረው ሌላ ኮሚቴ ይመጣል።" ከዚያ አባቴ፣ የሚሰማ ጆሮውን ወደ መጋረጃው አድርጎ ተቀምጦ ኖሮ፣ "ልጅቷ ትጻፍ" አለ። ቆየት ብሎም "ቅዳሜ ለት እጄን ከኪሴ አወጣለሁ፤ ለጨባጩ አይደለም፣ ለዚያ ላልተኮሰ ሽማግሌ ነው" አለ። ተኩሰዋል፤ ግን አላረምኩትም። ይህንን መልእክት ለማዶ ሳለዝብ፣ ቃል በቃል ነው የጮኽኩት። በኋላ አክስቲቱ "አለቀሱ!" ብላ ጮኸች፤ እሷም አላለዘበችውም።

ስለዚህ የቀረችን አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት። ማስታወቂያዎ "ምሥክሮች ቃላቸውን ሰጥተው ሲያበቁ ወደየመጡበት ይመለሳሉ፣ በሩም ይዘጋል" ይላል። ክቡር ሆይ፣ እህቴ ስትመጣ ከወዲህ፣ ባሏ ከወዲያ ነው። ተጋብተው ሲያበቁ የመጡበት የቱ ነው? ውሉን ከቀደዱት አንዷን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አስወጥተው በሩን የሚዘጉት እርስዎ ራስዎ ይሆናሉ፤ ቁልፉን ለዘበኞቹ እንዳይሰጡ እለምናለሁ፤ ከሳቁበት ቀን ወዲህ እጃቸው ለመዝጋት እየለሰለሰ ነው። ውሉን ከሰፉት ደግሞ ሁለቱም በፈለጉት በር ይወጣሉ፣ እኔም ሰኞ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ ውጭ ጉዳይነቴንም በክብር አስረክባለሁ።

እኔ ራሴ ከጠረጴዛዎ ፊት ቆሜ መመስከር አልችልም። ቃሌን የምሰጠው ከድልድዩ ሥር፣ ከውኃው ዳር ሆኜ ነው። ወደ ላይ እጮኻለሁ። ይሰማዎታል፤ ይህን ያህል አውቃለሁ።

ለዕድሜዎ ርዝመትን፣ ለብዕርዎ ቀለምን፣ ለመቀስዎ ድንዝነትን እየተመኘሁ፣ የአንገትዎን ወደ ፊት መመለስ ከመላው የወንዝ ዳር ሕዝብ ጋር በጉጉት የምጠብቅ፣ ከሰው ፊት አፋር፣ ከወንዝ ፊት ደፋር፣

የልብስ ሰፊዋ ሁለተኛ ልጅ፤
እስከ ቅዳሜ ድረስ ውጭ ጉዳይ።

ተጨማሪ፦ እናቴ ስለወረወረችው መቀስ ተጸጽታ፣ ለቅዳሜ በባዶ ትከሻ እንዳይመጡ ብላ ለእርስዎም ሙሉ ልብስ ሰፍታልዎታለች። ልክዎን የወሰደችው ጋዜጣው ላይ ከወጣው ፎቶግራፍዎ ነው። እርስዎም መሪያችንን በዚሁ መንገድ ስለለኩ ቅር እንደማይልዎት እርግጠኛ ነን። ምናልባት ግን ልብሱ ቢያጥርዎ፣ ያጠሩት እርስዎ ነዎት ብለን አናውጅም፤ የቆሙበትን አላየንም እንላለን።